ጫማው ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ ሶሉን ማን ይሰፋዋል?

ቴሌግራም ላይ «የሃይኪንግ ጫማ» ብላችሁ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? ደቂቃ ሳይሞላ ሃያ ዓይነት ይደረደርላችኋል። ፎቶው ያምራል፤ ዋጋው ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ዋናው መንገድ ዳር ካለው ቡቲክ ያነሰ ነው፤ ከሥሩም «ክፍለ ሀገር እንልካለን» ይላል። እዚያው ሰፈር ያለው ባለሱቅ ግን ያው ሁለት ዓይነት ጫማ ነው ያለው። ቁጥር 42 ሲኖር 43 የለም። ዋጋውን ስትሰሙ ደግሞ «ኧረ ባክህ!» ያሰኛል።

ታዲያ ከየት እንግዛ? በእግር መጓዝ የሚወዱ ጓደኞቼ ስንገናኝ ሁሌ የሚያከራክረን ነገር ነው። ግማሹ «ብሬን በከንቱ አላቃጥልም፣ ከአዲስ አበባ ነው» ይላል። ግማሹ «የሰፈራችንን ሱቅ ካልደገፍን ማን ይደግፈዋል?» ይላል። እኔ ሁለቱም ሒሳቡን በግማሽ ነው የሠሩት ባይ ነኝ። አንደኛው የሚያየው ዋጋውን ብቻ ነው። ሌላኛው ደግሞ ሱቁን እንደ ተረጂ ነው የሚያየው። የዕቃ ትክክለኛ ዋጋ ግን የሚታወቀው የተገዛ ቀን ሳይሆን ያረጀ ቀን ነው።

መጀመሪያ ግን ጉዳዩ የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ምዕራብ ጎጃም ውስጥ በእግር መሄድ «ሃይኪንግ» የሚል ስም ሳይወጣለት የኖረ ነገር ነው። ሰከላ ወደ ግሽ ዓባይ ጠበል የሚወርድ ምእመን፣ ገጠር የተመደበ መምህር፣ ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሁሉ ተጓዥ ናቸው። ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስና ከአዲስ አበባ እየተሰባሰቡ የዓባይን ምንጭ፣ እንጅባራ አጠገብ ያለውን የዘንገና ሐይቅ ወይም የጮቄን ተራራ ለማየት የሚሄዱ ወጣቶች ደግሞ በቅርብ ዓመታት የመጡ ናቸው። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ ጮቄ ግን ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ጠዋት ቲሸርት ለብሶ የተነሳ ሰው ማታ ብርድ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። በክረምት ደግሞ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። እና ዕቃው ቅንጦት አይደለም።

«ትልቅ ሱቅ» ስንል የቱን ነው?

አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ይሄ ክርክር ግልጽ ነው። በአንድ በኩል በ1976 (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳይ ውስጥ ሊል ከተማ አጠገብ እንደተጀመረው ዴካትሎን ያለ፣ ከድንኳን እስከ ካልሲ ሁሉንም በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሸጥ ግዙፍ መደብር አለ። በሌላ በኩል የሰፈር ትንሽ ሱቅ አለ። እኛ ጋ እንደዚያ ያለ መደብር ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ብትሄዱ አታገኙም። የኛ «ትልቅ» አዲስ አበባ ነው፤ መርካቶ፣ የቦሌ ሕንፃዎችና የቴሌግራም ሻጮች። በመካከላችን ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ።

ይሄም ቢሆን መለወጡ አይቀርም። ለረጅም ዓመታት ለኢትዮጵያውያን ብቻ ተከልሎ የነበረው የጅምላና የችርቻሮ ንግድ በ2016 ዓ.ም. በወጣ መመሪያ ለውጭ ባለሀብቶች ተከፍቷል። ትልልቆቹ ሲመጡ የሚጀምሩት ግን ብዙ ገዢ ካለበት ከአዲስ አበባ ነው። ፍኖተ ሰላም ተራዋ የሚደርሰው መቼ እንደሆነ ገምቱ። ቢደርስም ይቆያሉ ማለት አይደለም። የደቡብ አፍሪካው ሾፕራይት በ2018 (እ.ኤ.አ.) ኬንያ ገብቶ ሁለት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ጠቅልሎ ወጥቷል። ትልቅ ኩባንያ ካላዋጣው ይሄዳል፤ ሥራው ነው። የሰፈር ባለሱቅ ግን ቤቱም ልጆቹም እዚያው ናቸው።

የሰፈሩ ሱቅ ለምን ይወደዳል?

«ስግብግብ ስለሆኑ ነው» የሚለው መልስ ቀላል ነው፤ ግን ብዙ አያስኬድም። የባለሱቁን ሒሳብ እንየው። ጫማውን ያመጣው ከመርካቶ ነው፤ ስለዚህ አዲስ አበባ ያለው ሻጭ የከፈለውን ዋጋ ከፍሎ፣ የአይሱዙ ወይም የአውቶቡስ ጭነት ይጨምርበታል። ከዚያ ደግሞ ዕቃው ይቀመጣል። አዲስ አበባ በሳምንት የሚሸጥ ጫማ እዚህ መደርደሪያ ላይ ወራት ሊቆይ ይችላል። የተቀመጠ ጫማ የታሰረ ብር ነው። በዚያ ብር በርበሬ ወይም ዘይት ቢያመጣበት ኖሮ አምስት ጊዜ ያገላብጠው ነበር። አምስት ቁጥር ጫማ ደርድሮ የማይጠብቃችሁም ለዚህ ነው።

በዚህ ላይ ምንዛሬው አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ፣ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ከውጭ ለሚገባ ጫማ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ባለሱቁ ዛሬ የሸጠውን ነገ በዚያው ብር መልሶ መግዛት ካልቻለ ሱቁ እየሟሟ ነው ማለት ነው። ዋጋ የሚቆልለው ግማሹ ትርፍ ሲሆን ግማሹ ፍርሃት ነው።

እስቲ እናስላው

ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ እናንተ በየራሳችሁ ዋጋ ተኩት። ጫማው ቴሌግራም ላይ 4,000፣ ፍኖተ ሰላም 5,000 ብር ነው እንበል። ልዩነቱ 1,000 ብር ነው። የመላኪያ 200 ብር ጨምሩ፤ ልዩነቱ 800 ሆነ። ከአምስት ጫማ አንዱ ልክ አይሆንም እንበል፤ በእግር ሳይለኩ መግዛት ነውና። ልክ ያልሆነውን መልሳችሁ ለሌላ ሰው ስትሸጡ 2,000 ብር ብታጡ፣ ለእያንዳንዱ ግዢ በአማካይ 400 ብር አደጋ ተሸክማችኋል ማለት ነው። ልዩነቱ 400 ቀረ። ሶሉ ሲላቀቅ ደግሞ የሸጠላችሁ ሰው እዚያው አጠገቡ ካለው ጫማ ሰፊ ጋር ተነጋግሮ ቢያሠራላችሁ፣ ያ 400 ብር ራሱ ያልቃል።

ግን አትቸኩሉ። ይሄ ስሌት የሚሠራው ባለሱቁ በእርግጥ ከሽያጭ በኋላ የሚገኝ ሰው ከሆነ ነው። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ ቅዳሜ የገዛችሁት ሰኞ ሲቀደድ ፊቱን የሚያዞር ከሆነ፣ 1,000 ብሩን የምትከፍሉት ለምንም ነው። የማውቃት አንዲት ልጅ ላይ የደረሰው ይሄው ነው። ለጉዞ የገዛችው ቦርሳ ዚፑ በመጀመሪያው ቀን ተበጠሰ፤ ሻጩ «አንቺ ነሽ ከልክ በላይ የሞላሽው» ብሎ መለሳት። ከዚያ ወዲህ ከሰፈር አትገዛም። ማን ይፈርድባታል?

እዚህ ላይ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት፣ ዕቃው ጉድለት ካለበት ሸማቹ በገዛ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አዋጅ አይሽርም። ግን ደረሰኝ ያስፈልጋል። ቴሌግራም ላይ ስሙን ለማታውቁት ሻጭ ብር ስትልኩ ደረሰኙ የት አለ? የሰፈሩ ባለሱቅ ቢያንስ በር አለው፤ ሄዳችሁ ታንኳኩታላችሁ።

መንገዱ ሲዘጋ

ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። ስሟ እንዲህ ቢሆንም ያለፉት ዓመታት ምን እንደነበሩ አንባቢ ያውቃል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልሉ ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፤ መንገዱም አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ነበር። ኢንተርኔት ሳይኖር የቴሌግራም ሱቅ የለም። መንገድ ሲዘጋ «ክፍለ ሀገር እንልካለን» የለም።

ያን ጊዜ የሚገኘው የሰፈሩ ሱቅ መደርደሪያ ላይ የነበረው ብቻ ነው። እሱም አለቀ፤ ያላለቀውም ተወደደ። ሱቁ ተአምር አይሠራም። ግን መደርደሪያው ላይ የሚኖረው እኛ በደህናው ጊዜ የገዛነው ዓይነት ዕቃ ነው። ማንም ጠንካራ ጫማ የማይጠይቀው ባለሱቅ ጠንካራ ጫማ አያመጣም፤ ነጠላ ጫማ ያመጣል። የኛ የቅዳሜና እሑድ ተጓዦች ግዢ ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ ሰኞ ዕለት በጭቃ ወደ ቀበሌ የምትወጣው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ጫማ ታጣለች። ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ምርጫችን የራሳችንን ኪስ ብቻ አይደለም የሚነካው።

የቱን ከየት?

ስለዚህ «ሁሉንም ከትልቁ» ወይም «ሁሉንም ከሰፈር» አልልም። ዕቃውን በዓይነት እንለየው።

ድንኳን፣ ስሊፒንግ ባግና የራስ ባትሪ ከሩቅ ቢመጡ ግድ የለም። በእግር አይለኩም፤ በዓመታት አንዴ ነው የሚገዙት። ጥራታቸውን ለመለየት ደግሞ ብዙ ዓይነት ማወዳደር ያስፈልጋል፤ ሰፈር ውስጥ ይሄ ዕድል የለም።

ጫማ ግን ከሰፈር፣ ካልሆነም በአካል ሄዶ። ከሰዓት በኋላ ለኩት፤ እግር ስንውል ያብጣል። ለጉዞ በምትለብሱት ወፍራም ካልሲ ለኩት። ቁልቁለት ላይ አውራ ጣታችሁ ጫፉን እንዳይገጭ ከፊት የጣት ስፋት ያህል ክፍት ይኑረው። ሶሉ በማስቲሽ ብቻ ከተለጠፈ፣ ከመጓዛችሁ በፊት ለጫማ ሰፊው ስጡትና ዙሪያውን ያሰፋላችሁ። በክረምት ለአጭር የጭቃ መንገድ ደግሞ ከውድ ጫማ ይልቅ የገበሬው ቦቲ ይሻላል።

ቦርሳም ከሰፈር ግዙ፤ ስትገዙ ግን ዚፑን ሃያ ጊዜ ክፈቱ ዝጉ፤ ማንገቻው የተሰፋበትን ጎትቱት። ልብስ ሰፊው በጠንካራ ክር ደግሞ ቢመታው ዕድሜው ይጨምራል።

የብርድ ልብስ ላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጋቢ ደረቅ ሌሊት ላይ የሚወዳደረው የለም። ግን ጥጥ ነው፤ ሲረጥብ ይከብዳል፣ ሙቀትም አይዝም። ዝናብ ባለበት ተራራ ላይ ጋቢውን በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙት፤ በጉዞ ላይ የበግ ፀጉር ሹራብ ወይም ፖሊስተር ልበሱ። የደጋ እረኛ ደበሎ የሚደርበው ያለ ምክንያት አይደለም።

ስንቅ? እዚህ ላይ ክርክርም የለም። ከሱፐርማርኬት የታሸገ ብስኩት ተሸክሞ ጎጃም መግባት ምን ይባላል? በሶና ቆሎ ቀላል ናቸው፣ አይበላሹም፣ ጉልበት ይሰጣሉ፤ ብሩም እዚያው አገር ይቀራል።

ለብቻ ከመግዛት

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በ1938 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ሲያትል ውስጥ ሎይድና ሜሪ አንደርሰን የሚባሉ ባልና ሚስት ተራራ መውጣት ይወዱ ነበር። ጥሩ የበረዶ መጥረቢያ በከተማቸው በደህና ዋጋ አጡ፤ ከኦስትሪያ በፖስታ ሲያዝዙ ግን በ3 ዶላር ከ50 ሳንቲም አገኙ። ጓደኞቻቸውም «ለኛም» አሉ። 23 ሆነው የኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረቱ። ያ ማኅበር ዛሬ አር ኢ አይ የሚባለው፣ ከ20 ሚሊዮን በላይ አባላት ያሉት ግዙፍ መደብር ነው።

ያደረጉት ነገር ለኛ አዲስ አይደለም። ዕቁብ እናውቃለን፤ የሸማቾች ማኅበርም እናውቃለን። እስቲ ይህን ሞክሩ፦ አሥር ተጓዦች ቁጥራችሁንና የምትፈልጉትን ጽፋችሁ፣ ግማሽ ክፍያ ይዛችሁ ወደ አንድ የፍኖተ ሰላም ወይም የቡሬ ባለሱቅ ሂዱ። «ይህን ከመርካቶ አምጣልን፣ ልክ ያልሆነውን ትቀይራለህ፣ ደረሰኝ ትሰጣለህ» በሉት። ዕቃው ቀድሞ ስለተሸጠ ብሩ አይታሰርበትም። ጭነቱ ለአሥር ስለሚካፈል ዋጋው ይወርዳል። ልክ ያልሆነው አንድ ጫማ ሱቁ ውስጥ ሌላ ገዢ ያገኛል። ከላይ የደመርነው የመላኪያና የአደጋ ሒሳብ አብዛኛው በዚህ ይወገዳል።

እምቢ ካለ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ፤ በዚያ መንገድ ዳር ሱቅ ሞልቷል። እሺ ካለ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ቁጥር 43 ጠንካራ ጫማ መደርደሪያው ላይ ያስቀምጣል። ለእናንተ ብሎ አይደለም፤ እንደሚሸጥ ስላወቀ ነው።