በኢንተርኔት የተገዛ አምፕሊፋየር ቢበላሽ
ላንቻ የሚኖር ሸማች በኢንተርኔት አዝዞ የተረከበው አምፕሊፋየር በአንድ ወገን ብቻ ድምፅ ቢሰጥ፣ ከመመለሱ በፊት ጉድለቱ የት እንዳለ ማጣራት ይገባዋል። መሣሪያውን ከሶኬት ነቅሎ የግራና የቀኝ ስፒከሮችን ገመድ ያቀያይር። ዝም ያለው ያው ስፒከር ከሆነ ችግሩ የስፒከሩ ወይም የገመዱ ነው። ዝምታው ወደ ሌላኛው ከተሻገረ ግን ድምፅ የሚያስገባውን ገመድ ለውጦ ይሞክር፤ ካልተስተካከለ ጉድለቱ የአምፕሊፋየሩ ሊሆን ይችላል። ክዳኑን መፍታት ግን ለአደጋም ለክርክርም ይዳርጋል።

በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከግዢው ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ ሻጩ ዕቃውን እንዲቀይርለት ወይም ገንዘቡን እንዲመልስለት መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ደረሰኙን መያዝና ሳይዘገዩ ማመልከት ያስፈልጋል።