ከባድ ግድግዳ ያላቆመውን ድምፅ ትንሽ ኳስ እንዴት ያቆመዋል?



ዶርም የምንኖር ሁሉ የምናውቀው ነገር አለ። ከጎን ክፍል ስፒከር ሲከፈት ቃላቱ ግድግዳው ላይ ይቀራሉ፤ «ድው ድው» የሚለው ግን ትራሳችን ድረስ ይመጣል። ከመስጂድ ጀርባ የሚሠራ ጄኔሬተርም እንዲሁ ነው፤ መስኮቱን ብንዘጋም ጉምጉምታው ሶፍ መሀል ይገባል። ለምን?

ግድግዳ ድምፅን የሚያግደው በዋናነት በክብደቱ ነው። ፍሪኩዌንሲው ዝቅ ሲል ድምፁ ግድግዳውን በዝግታ ስለሚገፋው ግድግዳው አብሮት ለመነቃነቅ ጊዜ ያገኛል። ፍሪኩዌንሲው በግማሽ በቀነሰ ቁጥር የግድግዳው የማገድ አቅም በ6 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል፤ ያን ለማካካስ ክብደቱን እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። 400 ኸርዝን የሚያግድ ግድግዳ 50 ኸርዝንም እኩል እንዲያግድ 8 እጥፍ መክበድ አለበት ማለት ነው። የዚያን ሁሉ ብሎኬትና ሲሚንቶ ዋጋ ማን ይችለዋል?

ፎኖኒክ ሜታማቴሪያል የሚባሉት ቁሶች በሌላ መንገድ ይሄዳሉ። ብልሃታቸው ያለው ከክብደታቸው ይልቅ በውስጥ አሠራራቸው ላይ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ በሥርዓት መደርደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ተመራማሪዎች ማድሪድ ውስጥ በሚገኝ የኤውሴቢዮ ሴምፔሬ ሐውልት ላይ ልኬት አደረጉ። ሐውልቱ በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት የቆሙ የብረት ቱቦዎች ስብስብ ነው። 1670 ኸርዝ አካባቢ ያለ ድምፅ በመካከላቸው ሲያልፍ ተዳከመ። የዚህ ድምፅ የሞገድ ርዝመት 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከየረድፉ የሚንጸባረቁት ሞገዶች ተደጋግፈው ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ችግሩ የረድፎቹ ርቀት የሞገዱን ርዝመት ግማሽ ያህል መሆን ያለበት መሆኑ ነው። ለ50 ኸርዝ ርቀቱ 3.4 ሜትር ይሆናል፤ ጥቂት ረድፍ ብቻ ከዶርማችን ይተርፋል።

ሁለተኛው መንገድ ይህን ችግር ይፈታል። እ.ኤ.አ. በ2000 የሆንግ ኮንግ ተመራማሪዎች 1 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸውን የእርሳስ ኳሶች በለስላሳ የሲሊኮን ጎማ ሸፍነው በኢፖክሲ ውስጥ ቀበሩ። በአየር ውስጥ 85 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የ400 ኸርዝ ድምፅ በእነዚህ ትንንሽ ኳሶች ተገታ።

ምሥጢሩን በእጃችን መሞከር እንችላለን። ቁልፍ በላስቲክ አንጠልጥለን እጃችንን ወደ ላይና ወደ ታች እናንቀሳቅስ። በዝግታ ስናደርገው ቁልፉ እጃችንን ይከተላል። እያፈጠንን ስንሄድ አንድ ቦታ ላይ በኃይል ይዘላል፤ ሬዞናንስ የሚባለው ይህ ነው። ከዚያ ጥቂት ስናልፍ እጃችን ሲወርድ ቁልፉ ይወጣል፣ ሲወጣ ይወርዳል። የእርሳሱ ኳስም እንደዚሁ ነው፤ ሞገዱ ኢፖክሲውን ወደ አንድ በኩል ሲገፋ ኳሱ ወደ ሌላው ይጎትተዋል። ሞገዱም ወደፊት መሄድ ያቅተዋል።

ይህ ግን ዋጋ አለው። የሚታገደው በዚያ ሬዞናንስ አካባቢ ያለው ጠባብ ክልል ብቻ ነው። ወደ ታች መውረድ ከፈለግን ወይ ኳሱን ማክበድ፣ ወይ ጎማውን ማለስለስ አለብን፤ በጣም የለሰለሰ ጎማ ደግሞ ሸክም አይችልም።

ስለ መሬት መንቀጥቀጥስ? በስምጥ ሸለቆ አገር ለምንኖር፣ በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ለተሰማን ጥያቄው ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ፈረንሳይ ውስጥ ግሬኖብል አጠገብ 5 ሜትር ጥልቀት ያላቸው ጉድጓዶች በረድፍ ተቆፍረው ከ50 ኸርዝ የንዝረት ምንጭ የመጣውን ሞገድ ወደ ኋላ መልሰዋል። ሕንፃን የሚጎዳው ንዝረት ግን ብዙውን ጊዜ ጥቂት ኸርዝና ከዚያም በታች ነው። በሰከንድ 200 ሜትር የሚጓዝ የ2 ኸርዝ ሞገድ 100 ሜትር ይረዝማል። ስለዚህ «ቤታችንን ከመሬት መንቀጥቀጥ የሚሰውር ቁስ ተገኘ» ብሎ ከወዲሁ ማሰራጨት የዒልምን አማና መዘንጋት ነው። ዛሬ ነፍስ የሚያድነው በደንቡ መሠረት የተሠራ ምሰሶና ወጋግራ ነው።

ለጄኔሬተሩ ጉምጉምታ ግን መንገዱ ክፍት ነው። ድምፁ በታወቀ ፍሪኩዌንሲ ላይ ስለሚያተኩር ጠባብ ክልል ይበቃዋል። የሲቪል፣ የሜካኒካልና የፊዚክስ ተማሪዎች የመመረቂያ ርዕስ ስንፈልግ መስጂዳችን ጀርባ ካለው ድምፅ ብንጀምር፣ ኢንሻአላህ፣ ጠቃሚ ዒልም ይሆናል።

ወላሁ አዕለም።