የኤዲንብራ ከተማ ሥራ ያቆሙትን ዕቃዎች ለገበያ እንዴት እንዳዋለች

የስኮትላንድ ዋና ከተማ ኤዲንብራ ነዋሪዋ ከግማሽ ሚሊዮን ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ሲሆን፥ በየዓመቱ የሚያድሩባት አገር ጎብኚዎች ግን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ናቸው። የከተማይቱን ታሪክ መዘርዘር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ለነጋዴዎቻችን ማስረዳት የምንፈልገው፥ ጎብኚው ሊያያቸው ከሚሄድባቸው ነገሮች ብዙዎቹ ለጉብኝት ሳይሆን ለሥራ የተሠሩ መሆናቸውንና፥ ሥራቸው ባለቀ ጊዜም ሳይጣሉ ሌላ ገቢ የሚያስገኙ መሆናቸውን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ለዚህ ነገር ከሁሉ የበለጠ ምስክር የሚሆነው በግንቡ ላይ የሚተኮሰው መድፍ ነው። ወደ ሊዝ ወደብ የሚመጡ መርከበኞች በባሕር ላይ ያሉበትን ስፍራ ለማስላት ትክክለኛውን ሰዓት ማወቅ ግድ ይሆንባቸው ነበር። ስለዚህ በ1852 በካልተን ኮረብታ ላይ በቆመው በኔልሰን ሐውልት ጫፍ፥ በየቀኑ በአንድ በተወሰነ ሰዓት የምትወድቅ ትልቅ ኳስ ተተከለች። ዳሩ ግን የዚያ አገር ጉም ኳሲቱን እየሸፈነ ስላስቸገረ፥ በ1861 በዚያው ሰዓት ከግንቡ ላይ መድፍ መተኮስ ተጀመረ። ሰዓቱ እነርሱ አንድ ሰዓት የሚሉት፥ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው። በስድስት ሰዓት ቢሆን ኖሮ አሥራ ሁለት ጊዜ መተኮስ ያስፈልግ ነበርና፥ ቆጣቢው ስኮትላንዳዊ አንድ ጥይት መረጠ እያሉ የአገሩ ሰዎች ራሳቸው ይቀልዱበታል።

ዛሬ መርከቦች ሰዓታቸውን በሌላ መንገድ ስለሚያገኙ፥ መድፉን የሚጠብቅ መርከበኛ የለም። መድፉ ግን ከእሑድና ከጥቂት በዓላት በቀር አሁንም በየቀኑ ይተኮሳል፤ ሰውም ሊያየው ይሰበሰባል። ጎብኚው ለተኩሱ ብሎ በምሳ ሰዓት ወደ ግንቡ ከመጣ፥ ምሳውን የሚበላው በዚያው ሠፈር ነው። ለምግብ ቤት ባለቤት ከዚህ የተሻለ ሰዓት ማን ሊመርጥለት ይችላል?

በእሳተ ገሞራ ዐለት ላይ የቆመው ግንብ ራሱ በክፍያ የሚታይ ነው። በውስጡ በ12ኛው መቶ ዓመት የተሠራችው የቅድስት ማርጋሬት ጸሎት ቤት፥ የስኮትላንድ ነገሥታት ዘውድና በ1449 የተሠራው ሞንስ ሜግ የተባለው ትልቅ መድፍ ይገኛሉ። የሞንስ ሜግ አንዱ የድንጋይ አረር 150 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በ1996 ከለንደን ተመልሶ በዚሁ ግንብ ይታይ የነበረው የዘውድ መጫኛው ድንጋይ ግን በ2024 ወደ ፐርዝ ከተማ ሙዚየም ስለ ተዛወረ፥ አሮጌ መምሪያ መጽሐፍ ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን ይወቅ።

በሊዝ ወደብም እንዲሁ፥ በ1953 ባሕር ላይ የወረደችውና በ1997 ከአገልግሎት የተሰናበተችው ብሪታኒያ የተባለች የነገሥታቱ መርከብ ከ1998 ጀምሮ ለሕዝብ ተከፍታለች። በ2001 በአጠገቧ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ተሠርቶ የመርከቢቱ መግቢያ በዚያ በኩል እንዲሆን ተደረገ። ይህ በአጋጣሚ የሆነ ነገር አይመስለንም።

ከግንቡ እስከ ሆሊሩድ ቤተ መንግሥት በሚወርደው አሮጌ መንገድ ግራና ቀኝ ሱቆቹ ተደርድረዋል። በብዛት የሚሸጠው ታርታን የተባለው ባለ መስመር የሱፍ ጨርቅ ነው። ይህ ጨርቅ በከተማው የገነነው በ1822 ንጉሥ ጊዮርጊስ 4ኛ ኤዲንብራን በጎበኙ ጊዜ፥ ደራሲው ሰር ዋልተር ስኮት በዓሉን በተራራማው አገር ልብስ እንዲደምቅ ስላደረጉት ነው። ውስኪውን በሚመለከት ሕጉ ጥብቅ ነው፤ በስኮትላንድ ተጠምቆ ቢያንስ 3 ዓመት በዚያው አገር በባሉጥ በርሜል ያልቆየ መጠጥ ስኮች ውስኪ ተብሎ ሊሸጥ አይፈቀድም። አስመጪዎቻችን ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነው።

ከከተማው ውጭ ያሉትም የሚናቁ አይደሉም። በ1890 የተከፈተው የፎርዝ የባቡር ድልድይ 2.5 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ሲሆን፥ ባቡር እስከ ዛሬ ያሳልፋል፤ በ2015ም በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በ1446 የተመሠረተው የሮስሊን ጸሎት ቤት ደግሞ በ2003 በወጣው ዘ ዳ ቪንቺ ኮድ በተባለው ልቦለድ ምክንያት ጎብኚው እጅግ በዛለት። ድንጋዩ በእርጥበት ተጎድቶ ስለ ነበር፥ እንዲደርቅ ተብሎ በ1997 የተሠራበት የብረት ዳስ እስከ 2010 ድረስ ሳይነሣ ቆይቷል።

ይሁን እንጂ የእንግዳ ብዛት ዋጋ አለው። በ1947 የተጀመረው የኪነ ጥበብ በዓል ሳይጠሩ የመጡ 8 የቴአትር ጓዶችን ጨምሮ ስለ ሰፋ፥ በነሐሴ ወር የማደሪያ ዋጋ እጅግ ይወደዳል፤ ነዋሪውም ቤቶች ሁሉ ለእንግዳ እየተከራዩ መኖሪያ አጣን ይላል። የከተማው ምክር ቤት በ2022 የአጭር ጊዜ ኪራይን በፈቃድ ወሰነ። በ2025ም ከማደሪያ ዋጋ ላይ 5 በመቶ የጎብኚ ግብር እንዲከፈል አጸደቀ፤ ግብሩ ከጁላይ 24 ቀን 2026 ወዲህ ባለው አዳር ላይ የተጣለ ሲሆን፥ ከመጀመሪያዎቹ 5 ሌሊቶች በላይ አይቆጠርም። ግብሩን ከእንግዳው የሚሰበስበው የሆቴሉ ባለቤት ስለ ሆነ፥ የሒሳብ ድካሙ በነጋዴው ላይ መውደቁ አይቀርም።

በፕሪንስስ ጎዳና ጫፍ የሚገኘውን የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ኢትዮጵያዊ መንገደኛ ሳያየው እንዳያልፍ እንመክራለን። በ1868 ከመቅደላ የተወሰደ አንድ ታቦት በዚያ በቁም ሣጥን ውስጥ ኖሮ በ2001 ተገኘ። ቤተ ክርስቲያኑም የታቦቱን ክብር ተረድቶ ለትርዒት ሳያወጣው በ2002 ለኢትዮጵያ መለሰው።

ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚነሣው ትራም ከ2023 ጀምሮ እስከ ሊዝ ድረስ ስለሚደርስ፥ ሻንጣ ለያዘ ሰው ይመቻል። በነሐሴ መሄድ የሚፈልግ ግን ማደሪያውን ከወራት በፊት መያዝ ይገባዋል።