ሦስት ለአንድ ሆነው ለምን ተሸነፉ? የአንድ ቀን የብስክሌት ውድድሮች ስልት ሲብራራ

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2 ቀን 2025 በቤልጂየሟ ዋረጌም ከተማ የተጠናቀቀው ድዋርስ ዶር ቭላንደረን የተባለ የብስክሌት ውድድር የስፖርቱን ወዳጆች ክፉኛ አከራክሯል። ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ከፊት የቀሩት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሦስቱ፣ ዋውት ቫን አርት፣ ቲሽ ቤኖት እና ማቲዮ ጆርገንሰን፣ የአንድ ቡድን፣ የቪስማ ሊዝ ኤ ባይክ፣ ልጆች ነበሩ። አራተኛው ከቡድን ጓደኞቹ ተነጥሎ ብቻውን የቀረ አሜሪካዊ፣ ኒልሰን ፓውለስ ነው። በዚያ ላይ ቫን አርት በስፕሪንት፣ ማለትም በመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች ፍጥነቱ፣ የተፈራ ነው፤ ፓውለስ ግን በዚህ አይታወቅም። መስመሩን ቀድሞ ያለፈው ግን ፓውለስ ሆነ፤ ቫን አርት ሁለተኛ ወጣ።

ለብስክሌት እንግዳ የሆነ ሰው «ጠንካራው አሸነፈ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ስፖርቱን የሚከታተሉት ግን በዚህ አይረኩም። የእነሱ ክርክር ብዙ ጊዜ የሚያጠነጥነው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ነፋሱን መጋፈጥ የነበረበት ማን ነው? ይህን ጥያቄ ይዞ የሚመለከት ሰው፣ የተወሳሰበ የሚመስለው ውድድር ቀስ በቀስ ይገለጥለታል።

ውድድሮቹ የትኞቹ ናቸው?

በአውሮፓ ጸደይ፣ ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ ማብቂያ ድረስ፣ በጣሊያን፣ በቤልጂየም፣ በሰሜን ፈረንሳይና በኔዘርላንድስ ባለሙያ ብስክሌተኞች የሚሳተፉባቸው የአንድ ቀን ውድድሮች በተከታታይ ይካሄዳሉ። «ሐውልቶች» እየተባሉ ከሚጠሩት አምስት ታላላቅ ውድድሮች አራቱ የሚውሉት በዚህ ወቅት ነው። እነሱም በ1907 የተጀመረው ሚላን ሳንሬሞ፣ በ1913 የተጀመረው የፍላንደርስ ዙር፣ በ1896 የተጀመረው ፓሪስ ሩቤ እና በ1892 የተጀመረው፣ ከሁሉም አንጋፋው ልዬዥ ባስቶኝ ልዬዥ ናቸው። አምስተኛው፣ የጣሊያኑ ሎምባርዲያ፣ በመኸር ይካሄዳል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብዙዎቻችን የምናውቀው ቱር ደ ፍራንስ ሦስት ሳምንት የሚፈጅና የየቀኑ ሰዓት ተደምሮ አሸናፊው የሚለይበት ውድድር ነው። እዚያ ዛሬ የተሸነፈ ነገ ሊያካክስ ይችላል። በአንድ ቀን ውድድር ግን ነገ የለም። ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ተጋልቦ፣ ስድስት ሰዓት ያህል ተለፍቶ፣ የሚቆጠረው መስመሩን ማን ቀድሞ አለፈ የሚለው ነው። ሁሉም ያለውን በአንድ ቀን ስለሚያፈስ ስልቱም ይከራል።

ነገሩ ከነፋስ ይጀምራል

የ2024ቱ ፓሪስ ሩቤ አሸናፊ አማካይ ፍጥነት በሰዓት 47.8 ኪሎ ሜትር ነበር። በእንዲህ ያለ ፍጥነት በሜዳ ላይ የሚጋልብን ሰው ጉልበት በብዛት የሚበላው የአየሩ ተቃውሞ ነው። ከሌላው ጎማ ኋላ ተጠግቶ የተጠለለ ብስክሌተኛ ያንኑ ፍጥነት ከፊተኛው በአንድ ሦስተኛ ገደማ ባነሰ ጉልበት ሊጠብቅ ይችላል። ፔሎቶን በሚባለው ትልቁ ስብስብ መሀል ከገባ ደግሞ ቁጠባው ከዚያም ይበልጣል።

የሩጫ ስፖርት የሚከታተል አንባቢ ዙር ማክረር ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በአሥር ሺህ ሜትር ከፊት ሆኖ ዙሩን የሚያከር ሯጭ ተከታዮቹን ያደክማል፤ ብዙዎቹም ይንጠባጠባሉ። በብስክሌት ግን ሜዳ ላይ ከፊት የሚጎትተው ሰው ከኋላው የተለጠፈውን የማድከም ዕድሉ ጠባብ ነው፤ እንዲያውም በራሱ ላብ ተቀናቃኙን ያሳርፋል። ስለዚህ ጥንካሬ ብቻውን አያሸንፍም። ጉልበቱን የት እንደሚያወጣና የት እንደሚቆጥብ ያወቀ ሰው ከእሱ የሚበረቱትን ሊቀድም ይችላል።

ይህ ጥቅም የሚጠፋባቸው ቦታዎችም አሉ። ዳገት ላይ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ መጠለል ብዙም አይጠቅምም። ሸካራ ድንጋይ ላይ ሁሉም የራሱን መንገድ ስለሚፈልግ ሰልፉ ይበተናል። ጎን ለጎን የሚመታ ኃይለኛ ነፋስ ሲነሳ ደግሞ መንገዱ የሚያስጠልለው ጥቂቶችን ነው፤ የቀሩት ዳር ላይ ተሰልፈው ይቆረጣሉ። አፈትልኮ ለመውጣት የሚያስብ ሰው የሚጠብቀው እነዚህን ቦታዎች ነው።

ሰባት ሰው ለአንድ ድል

በታላላቆቹ የአንድ ቀን ውድድሮች እያንዳንዱ ቡድን ሰባት ሰው ያሰልፋል። ሰባቱ እኩል ዕድል የላቸውም። አንድ ወይም ሁለት መሪ ይኖራል፤ ሌሎቹ ነፋሱን ይከለክሉለታል፣ ውሃ ያመላልሱለታል፣ ጎማው ሲፈነዳ የራሳቸውን ይሰጡታል፣ ያመለጡትን ያሳድዱለታል። አሰልጣኞቹ ከኋላ በመኪና እየተከተሉ በጆሮ ማዳመጫ መመሪያ ይሰጣሉ።

በዚህ ምክንያት የውጤት ዝርዝር ብቻውን ብዙ ይደብቃል። በ80ኛ ደረጃ የጨረሰው ሰው ለ150 ኪሎ ሜትር ጭፍራውን ሲጎትት የዋለ፣ ለመሪው ድል ትልቁን ሥራ የሠራ ሊሆን ይችላል። በ2024 ሚላን ሳንሬሞ ያስፐር ፊሊፕሰን በስፕሪንት ሲያሸንፍ፣ ከመጨረሻው ዳገት በኋላ ለማምለጥ የሚሞክሩትን እያሳደደ መንገዱን የጠረገለት የቡድን ጓደኛው ማቲዩ ቫን ደር ፖል ነበር። ቫን ደር ፖል በወቅቱ የዓለም ሻምፒዮን ከመሆኑም በላይ ያንኑ ውድድር ከአንድ ዓመት በፊት አሸንፏል። በዝርዝሩ ላይ ስሙ አሥረኛ ሆኖ ይነበባል፤ ሥራው ግን ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል።

ከፊት ሰው ያለው ቡድን ከኋላ የመጎተት ግዴታም የለበትም። በ2021 ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው የሴቶች ፓሪስ ሩቤ እንግሊዛዊቷ ሊዚ ዳይናን ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ሲቀር ብቻዋን ወጣች። ከኋላ ያሉት የቡድን ጓደኞቿ፣ ጣሊያናዊቷ ኤሊዛ ሎንጎ ቦርጊኒ ጭምር፣ ተጠልለው ሲጠብቁ ሌሎቹ ማሳደድ ነበረባቸው። ዳይናን እስከ ሩቤ የብስክሌት ሜዳ ድረስ ሳትያዝ ደረሰች፤ ሎንጎ ቦርጊኒም ሦስተኛ ወጣች።

ቦታ የያዘ ይቀድማል

የፍላንደርስ ዙርን የሚወስኑት ዳገቶች አጫጭር ናቸው። አውደ ክዋረሞንት 2.2 ኪሎ ሜትር ነው። ወዲያው የሚከተለው ፓተርበርግ አራት መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን እስከ 20 በመቶ የሚደርስ ተዳፋትነት አለው። ሁለቱም ኮብልስቶን የተነጠፈባቸው ጠባብ መንገዶች ናቸው። ፓሪስ ሩቤ ላይ ደግሞ ወደ 55 ኪሎ ሜትር የሚሆን ኮብልስቶን በ30 ገደማ ክፍሎች ተከፋፍሎ ይጠብቃል። ይህ በአዲስ አበባ ሰፈሮች እንደምናውቀው ተስተካክሎ የተጠረበ ድንጋይ አይደለም። የጋሪ መንገድ የነበረ፣ አፈሩ ተሸርሽሮ ድንጋዩ እዚህም እዚያም የሾለበት ነው።

ጠባብ መንገድ ላይ ከፊት 50 ሜትር የቀደመ ሰው፣ ከኋላ አንዱ ወድቆ መንገድ ሲዘጋ፣ ፔዳል ሳይረግጥ ግማሽ ደቂቃ ያተርፋል። ለዚህ ነው ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ሜዳው ላይ ያለው ግፊያ ከዳገቱ ባልተናነሰ የሚያደክመው። ቴሌቪዥን የከፈተ አዲስ ተመልካች «ገና ምንም አልተጀመረም» ሲል፣ ልምድ ያለው «ማን ኋላ ቀረ?» ብሎ ይጠይቃል።

ቁልቁለትም ስልት አለው። የሚላን ሳንሬሞ የመጨረሻ ዳገት፣ ፖጂዮ፣ 3.7 ኪሎ ሜትር ርዝመትና ከ4 በመቶ በታች አማካይ ተዳፋትነት ስላለው ኃይለኞቹን ለመለየት ብዙ ጊዜ አይበቃም። በ2022 ስሎቬኒያዊው ማቴይ ሞሆሪች በተራራ ብስክሌት ላይ የተለመደውን፣ እየጋለቡ መቀመጫን ዝቅ ማድረግ የሚያስችል ዘንግ በመንገድ ብስክሌቱ ላይ ገጥሞ መጣ። ሌሎቹ ዳገቱ ላይ ሲፋለሙ እሱ ጠበቀ። ጫፉን ሲያልፉ መቀመጫውን አውርዶ፣ ሰውነቱን ወደ መሬት አቅርቦ በጠመዝማዛው ቁልቁለት ተወነጨፈ፤ ከታች የደረሰውም ብቻውን ሆኖ ነው።

ሁለት ሲተያዩ

ከሁሉም በላይ የሚያከራክረው ሁኔታ፣ ጥቂት ሰዎች አምልጠው መጨረሻው ሲቃረብ ማንም መጎተት የማይፈልግበት ነው። የጎተተ ይሸነፋል፤ ማንም ካልጎተተ ደግሞ ከኋላ ያሉት ይደርሳሉ።

በ2022 የፍላንደርስ ዙር ቫን ደር ፖልና ታዴይ ፖጋቻር ሁሉንም ጥለው ለሁለት ቀሩ። በመጨረሻው ኪሎ ሜትር ሁለቱም ስፕሪንት ለመጀመር አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ፍጥነታቸው ወደቀ። ዲላን ቫን ባርለና ቫለንቲን ማዱዋስ ከኋላ በሙሉ ፍጥነት ደረሱባቸው። ከፊት የነበረው ቫን ደር ፖል ወዲያው ተፈትልኮ አሸነፈ። ፖጋቻር በሁለቱ መሀል ታፍኖ መውጫ አጣ፤ በንዴት እጁን እያነሳ በአራተኛነት ጨረሰ። ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ ከሁለቱ ብርቱዎች አንዱ ሆኖ የዋለው ሰው መድረክ ላይ እንኳ አልወጣም።

በ2019 አምስቴል ጎልድ ሬስ ደግሞ ጁልያን አላፊሊፕና ያኮብ ፉግልሳንግ ከፊት ሆነው ተፋጠጡ። ቫን ደር ፖል የተከታዮቹን ቡድን ራሱ እየጎተተ ደርሶ፣ ያንን ሁሉ ነፋስ ተጋፍጦም በስፕሪንት አሸነፈ። አንዳንዴ «የጎተተ ይሸነፋል» የሚለውን ሕግ ጥሶ የሚያሸንፍ ሰው ይኖራል።

አሁን የዋረጌሙን ጥያቄ መመለስ ይቻላል። ሦስት ለአንድ የሆነ ቡድን የሚጠበቅበት ተራ በተራ ማምለጥ ነው። ቤኖት ይወጣል፤ ፓውለስ ብቻውን ማሳደድ አለበት፤ ቫን አርትና ጆርገንሰን ከኋላው ተለጥፈው ያርፋሉ። ሲደርስበት ጆርገንሰን ይወጣል። አንድ ሰው ይህን ደጋግሞ አይችልም። ቪስማ ግን ሁሉን ነገር በቫን አርት ስፕሪንት ላይ ጣለ። ሦስቱ ፍጥነቱን ሲጠብቁ ፓውለስ ጉልበቱን የሚቆጥብበት ዕድል አገኘ፤ ተቀናቃኛቸውንም ጭምር እስከ መስመሩ አደረሱት ማለት ነው።

ለውሳኔው ተከራካሪ አይጠፋም። ከኋላ የሚያሳድዱ ነበሩ፤ እርስ በርስ መፈታተን ፍጥነት ይቀንሳል። ቫን አርትም ከአንድ ዓመት በፊት በዚያው ውድድር ላይ ክፉኛ ወድቆ አጥንቱ ተሰብሮ ስለነበር ጓደኞቹ ድሉን ለእሱ ቢመኙለት አይገርምም። እኔ ግን ስህተቱ ግልጽ ይመስለኛል፤ ብልጫ የነበራቸው በቁጥር ነው፣ ቁጥራቸውን ግን አልተጠቀሙበትም። ቫን አርት ራሱ ከውድድሩ በኋላ ኃላፊነቱን ወስዷል።

ቢኒያም ግርማይ ያሸነፈበት ቀን

ማን ይጎትት የሚለው ስልት በአግባቡ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ለማየት ለእኛ የቀረበ ምሳሌ አለ። መጋቢት 27 ቀን 2022 የአስመራው ልጅ ቢኒያም ግርማይ ቤልጂየም ውስጥ ጌንት ቬቬልጌምን ሲያሸንፍ ይህን ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። ከክሪስቶፍ ላፖርት፣ ከያስፐር ስቱይቨንና ከድሪስ ቫን ጌስቴል ጋር አምልጦ ነበር። ከኋላ ከቀሩት መሀል ቫን አርት ይገኝበታል፤ ነገር ግን የቡድን ጓደኛው ላፖርት ከፊት ስለሆነ እንዲጎትት የሚያስገድደው ነገር አልነበረም። አራቱ ከፊት እየተፈራረቁ ሠሩ፤ ርቀቱም ጸና። ቢኒያም ትክክለኛው ቡድን ሲወጣ አብሮ ወጣ፤ ስፕሪንቱን ሳይፈራ ቀድሞ ጀመረ፤ ላፖርትም ሊያልፈው አልቻለም። ዕድል ብቻ ነው የሚል ካለ፣ እዚያ አራት ሰዎች መሀል መገኘቱ ራሱ ውድድሩን የማንበብ ችሎታ መሆኑን ይመልከት።

ስልት ቀረ?

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ፖጋቻርና ቫን ደር ፖል ውድድሮቹን ተቀራምተዋቸዋል። ቫን ደር ፖል ፓሪስ ሩቤን በ2023፣ በ2024 እና በ2025 በተከታታይ አሸነፈ። ፖጋቻር የፍላንደርስ ዙርን በ2023 እና በ2025 ክዋረሞንት ላይ ሁሉንም ጥሎ ብቻውን ጨረሰ። ይህን አይተው «አሁን ስልት የለም፤ ጉልበት ብቻ ነው» የሚሉ አሉ።

አልስማማም። ፖጋቻር ስፕሪንት ላይ ከሚበልጡት ጋር እስከ መስመሩ መድረስ ስለማያዋጣው ነው ርቆ የሚያጠቃው። በ2025 ሚላን ሳንሬሞ ገና ቺፕሬሳ የተባለው ቀዳሚው ዳገት ላይ ሳለ ያከረረውም ለዚሁ ነው። ያም ሆኖ ቫን ደር ፖልና ፊሊፖ ጋና አብረውት ደረሱ፤ ቫን ደር ፖል አንደኛ፣ ጋና ሁለተኛ፣ ፖጋቻር ሦስተኛ ሆኑ። ጉልበት ያለው ሰውም ጉልበቱን የት እንደሚያፈስ መምረጥ አለበት፤ ምርጫው ደግሞ ስልት ነው።

ቀጣዩን ውድድር ስትመለከቱ

ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ ተቀመጡ። ከፊት ያለው ማን ነው፣ የቡድን ጓደኛስ አለው? ወደ መስመሩ አብሮ መድረስ የማያዋጣው ማን ነው? አሁን ነፋሱን የሚጋፈጠው ማን ነው፣ የሚያርፈውስ? ውጤቱ ከወጣ በኋላ «እገሌ ደካማ ነው» ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት ወሳኞቹን የመጨረሻ 50 ኪሎ ሜትሮች ተመልከቱ። ሁለተኛ የወጣ ሁሉ አልተበለጠም፤ አንዳንዱ ለሌላው ሲጎትት ደክሞ ነው። የአንድ ቀን ውድድር ድሉን ለአንዱ ብቻ ይሰጣል፤ ለሌሎቹ ተገቢውን ክብር መስጠት የሚያስተውል ተመልካች ድርሻ ነው።