የተሰነጠቀው መተርኮሻ

በአንዳንድ ቤት በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ አንድ ከባድ መተርኮሻ ይቀመጣል። ከአባት የቀረ ወይም በስጦታ የተገኘ ይሆናልና መጣሉ ያሳሳል። በተለይ ለወፍራሙ ሲጋር የተሠራው ከተራው መተርኮሻ የሚለየው በከንፈሩ ላይ ባሉት ሰፋፊ ቦዮች ነው። ሲጋር እንደ ሲጋራ ተደፍጥጦ አይጠፋም፤ ቦዩ ላይ እንዳረፈ በራሱ እስኪጠፋ ይተዋል። በመሆኑም ሙቀቱ አንድ ቦታ ላይ ብዙ ይቆያል።

ዕቃው ቢሰበርባችሁ ስባሪውን በሙሉ ሰብስቡ። በሞቀ ውኃና በሳሙና አጥባችሁ በደንብ አድርቁ፤ ቅባትና አመድ ባለበት ማጣበቂያ አይዝም። ለሸክላና ለብርጭቆ የሚሻለው በሁለት ቱቦ የሚሸጠው ኤፖክሲ የሚባለው ነው። ከሁለቱ እኩል እኩል ደባልቃችሁ በስሱ ቀቡና ስባሪውን በክር ወይም በፕላስተር አስራችሁ አንድ ቀን ሙሉ ሳትነኩት አሳድሩት።

ነገር ግን አንድ ነገር አትርሱ። የሚጤስ ትንባሆ ጫፉ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ ተራው ኤፖክሲ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 100 ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ ይለሰልሳል። ስለዚህ ስብራቱ ቦዩ ላይ ወይም ታችኛው ወለል ላይ ከሆነ ጥገናው ለዓይን እንጂ ለእሳት አይሆንም። መተርኮሻው ጠረጴዛ ላይ ለሁለት ቢከፈል ፍሙ የሚወድቀው ምንጣፉ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን የቁልፍና የአዝራር ማኖሪያ አድርጉት። እኛ እንደሚመስለን ይህ ዕቃውን ማዋረድ አይደለም።

ደኅና የሆነውን ዕቃ መያዝ ቀላል ነው። ብርጭቆ ገና እንደጋለ ቀዝቃዛ ውኃ አታፍስሱበት፤ ይሰነጠቃል። ነሐስ ሲጠቁር በሎሚና በጨው አሽታችሁ ወዲያው አለቅልቁና አድርቁ፤ ቨርኒሽ የተቀባ ከሆነ ግን በለስላሳ ጨርቅና በሳሙና ውኃ ብቻ ይታጠብ። ሽቦ የሚጭረው ጭረት በቀላሉ አይጠፋም። ሽታው አልለቅ ካለ አቼቶ በውኃ በጥብጣችሁ ጥቂት አቆዩበት፤ ይህ ለብርጭቆ ነው፤ ለእብነ በረድ አይሆንም፤ ወዙን ይበላዋል። አመዱን ወደ ወረቀት ቅርጫት ከመገልበጣችሁ በፊት ውኃ አርከፍክፉበት።

ከሁሉ የሚያሳስበው የልጆቹ ጉዳይ ነው። ማታ እንግዳ ሸኝታችሁ ደክሟችሁ ብትተኙ፣ ጧት ከእናንተ ቀድሞ የሚነሳው ሕፃን መተርኮሻውን ያገኘዋል። በቁራጩ ውስጥ የቀረው ኒኮቲን መርዝ ነው፤ የሲጋር ቁራጭ ደግሞ ብዙ ትንባሆ ይይዛል። የዋጠ ሕፃን ሊያስመልሰው፣ ፊቱ ሊገረጣ፣ ሊፈዝ ይችላል። ለማስታወክ ጣት አትክተቱበት፤ የቀረውን ቁራጭ ይዛችሁ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚገለገልባቸው ቤቶችና በሥራ ቦታዎች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። ስለዚህ ቀድሞ ቢሮ ውስጥ የነበረውን መተርኮሻ ወደ ቤቱ ያመጣ ባል ካለ፣ የሚያጨሰው ከደጅ፣ ከልጆች ርቆ መሆኑን አስቀድማችሁ ተስማሙ። ጠረጴዛው እንዳይጫርም ከመተርኮሻው ሥር ከአሮጌ ኮት የተቆረጠ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ በኮላ ለጥፉበት፤ ሲያረጅ በሞቀ ውኃ ይላቀቃል።