ስለ ሕክምና ሳይንስ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርትና ስለ አቃቂ ወንዝ

ትምህርት ማዕርግ አለው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ንባብ የጨረሰ ሁሉ ወዲያው መምህር አይባልም፤ ከዜማው ቤት ወደ ቅኔው፣ ከቅኔው ቤት ወደ መጻሕፍቱ ትርጓሜ እየተሻገረ፣ መምህር ፍለጋ አገር አቋርጦ ከቈየ በኋላ ነው ጉባኤ ዘርግቶ ለማስተማር የሚበቃው። የዘመናዊው ትምህርት ሥርዓትም ከዚህ የራቀ አይደለም። የመጀመሪያውን ዲግሪ የያዘ ሰው ሌሎች ያወቁትን ተምሯል፤ ሁለተኛውን ዲግሪ የሚሻ ግን ገና ያልተመረመረውን መርምሮ በመምህራን ፊት ማስረዳት አለበት።

የሕክምና ሳይንስ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ሐኪም አያወጣም፤ ሐኪሙ የሚደገፍበትን ዕውቀት የሚያዘጋጅ ሰው ያወጣል እንጂ። ተማሪው ስለ ረቂቃን ሕዋሳት፣ ስለ ጥገኛ ትላትል፣ ሰውነት በሽታን ስለሚከላከልበት ኀይልና መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ስለሚሠራው ሥራ ይማራል። ከዚህም በኋላ አንድ ጥያቄ መርጦ፣ የምርምሩን ሥነ ምግባር ከሚቈጣጠረው ጉባኤ ፈቃድ ተቀብሎ፣ ጽሑፉን አዘጋጅቶ ይፈተናል።

ይህ ትምህርት በአገራችን ሥር ሰድዷል። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ሳሉ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያ የሚባለው በሽታ በውሃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት የሚተላለፍ ስለሆነ፣ አባቶችና እናቶች በሳሙና ፈንታ ሲገለገሉበት የኖሩት እንዶድ ለምርምር በር ከፈተ። በ1966 የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተመሠረተ፤ በ1989ም እርሳቸውና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ኢንስቲትዩቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን በ1978 ካቋቋመ ወዲህ በዚህ ዘርፍ ብዙ ተማሪዎችን አስመርቋል።

ከእንዶድ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ትልቅ ጥያቄ ሩቅ አገር ሳይኬድ እንደሚገኝ ነው። ለአዲስ አበባ ተማሪ የቅርቡ ጥያቄ በአቃቂ አለ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ በከተማው ምሥራቅና ምዕራብ ወርደው ከአባ ሳሙኤል ግድብ ይደርሳሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። በሚያልፉበት መንገድ ሁሉ የመጸዳጃ ቤቱን ፍሳሽ፣ የቈዳ ፋብሪካውንና የልብስ ፋብሪካውን እጣቢ ይቀበላሉ። በዳርቻቸው ያለው ገበሬ ደግሞ በዚሁ ውሃ ሰላጣና ጎመን፣ ካሮትና ድንች ያለማል፤ አትክልቱም ለከተማው ገበያ ይቀርባል። በጾም ወራት ማዕዱ በአትክልት የሚሞላ ስለሆነ ነገሩ ካህኑንም ምእመኑንም ይመለከታል።

በዚህ ስፍራ የተማሪው ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቅጠሉን አጥቦ እጣቢውን ያጠልላል፤ የወስፋት እንቍላል እንዳለበትና እንደሌለበት በማይክሮስኮፕ ይመለከታል፤ የገበሬውን ልጆች ዓይነ ምድርም ይመረምራል። ሆኖም እንቍላል በቅጠሉ ላይ ተገኘ ማለት የበላው ሁሉ ታመመ ማለት አይደለም፤ ይህን ከዚያ መለየት የትምህርቱ ዋና ፍሬ ነው። የወስፋት እንቍላል በሚገባ በተቀቀለ ጎመን ይሞታል፤ ከቈዳ ፋብሪካ የሚወጣው ክሮሚየም ግን በእሳት አይጠፋም። አንዱን ጉዳት የቤት እመቤቷ በምድጃዋ ልታስወግደው ስትችል፣ ሁለተኛውን የሚያስወግደው ፍሳሹን የሚለቀው ፋብሪካና የሚቈጣጠረው ሹም ነው።

እንግዲህ ችግሩ ጽሑፉ ከተፈተነ በኋላ ይመጣል። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ሥራ ከቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ቅጠሉን የሰጠው ገበሬም ልጁን ያስመረመረችው እናትም ምን እንደተገኘ ሳይሰሙ ይቀራሉ። ተማሪው ማዕርጉን አገኘ፤ ወንዙ ግን እንደ ነበረ ይፈሳል። እውነት ነው፣ ገበሬውን ከውሃው ዳር በትእዛዝ ማስነሣት እንጀራውን መንጠቅ ነው፤ ዝም ማለትም ሌላውን ሕዝብ መበደል ነው። ስለዚህ መካከለኛውን መንገድ የሚያሳየው የተመረመረ ዕውቀት ነው፤ የትኛው ሰብል በየትኛው ውሃ ቢለማ ጉዳት እንደሚያንስ፣ የትኛው ፍሳሽ በቅድሚያ መጣራት እንዳለበት የሚናገረው እርሱ ነውና።

ለዚህ የሚያስፈልገው ወጪ ብዙ አይደለም። እያንዳንዱ የመመረቂያ ጽሑፍ በአማርኛና በኦሮምኛ በሁለት ገጽ ተጠቅልሎ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ ለጤና ጣቢያውና ለደብሩ አስተዳዳሪ ቢደርስ፣ በሽታ የተገኘበትም ልጅ መድኃኒቱን ማግኘቱ ቢረጋገጥ፣ ሹሙ የሚሠራበት፣ ካህኑም የሚመክርበት ነገር ያገኛል። በቂሊንጦ በ2011 የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ መገኘቱ ሥራውን ያቀልላል፤ ዕውቀትና ችግር ጎረቤት ሆነዋልና።

መምህር ጉባኤ የሚዘረጋው ለራሱ ክብር አይደለም። ከሕዝብ ደምና ከሕዝብ ማሳ የተገኘ ዕውቀትም ወደ ሕዝቡ ሲመለስ ነው ማዕርጉ የሚጸናው።