የልጅ መወፈር ሁሉ ጤና አይደለም

ይህ ጽሑፍ በካኩማ ካምፕ ለምንገኝ አማርኛ ተናጋሪዎች በሬዲዮ የቀረበ የጤና ትምህርት ሲሆን፣ ሬዲዮ የማዳመጥ ዕድል ላላገኛችሁ በወረቀት ታትሟል። የዛሬው ርእሳችን የልጆች ከልክ ያለፈ ውፍረት ነው።

«ራሽን በተቆረጠበት ዘመን የምን ውፍረት ነው?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በካምፓችን ትልቁ ችግር ዛሬም የምግብ እጥረት ነው። ዩኒሴፍ በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ ከ5 እስከ 19 ዓመት ባሉ የዓለም ልጆች መካከል ከልክ በላይ የወፈሩት ከቀጫጮቹ መብለጣቸውን ሲገልጽ፣ ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካና ደቡብ እስያ ግን ገና እዚያ አለመድረሳቸውን ለይቶ አስቀምጧል። ሆኖም ሁለቱ ችግሮች በአንድ ቤት ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ ልጅ ላይ አብረው ይገኛሉ። ሆድ የሚሞላ ምግብና ሰውነት የሚገነባ ምግብ አንድ ስላልሆኑ ነው። በስኳር ሻይ፣ በማንዳዚና በብስኩት የሚውል ልጅ ክብደቱ ሊጨምር ይችላል፤ ደሙ ግን ብረት ያንሰዋል፣ ቁመቱም ከእኩዮቹ ወደኋላ ሊቀር ይችላል።

ጉንጩ የሞላ ልጅ ስናይ «ዓይን አይብላው» እንላለን። ረሃብን በዓይኑ ያየ ወላጅ በዚህ ቢደሰት አይፈረድበትም። ነገር ግን ከመደሰታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። የልጁን ሁለት እግሮች ከላይ፣ በአውራ ጣታችሁ ለ3 ሰከንድ ያህል ጫን አድርጉና ልቀቁ። የተጫነው ቦታ በሁለቱም እግሮች ላይ ጎድጎድ ብሎ ከቀረ፣ ያ ውፍረት አይደለም፤ ከከባድ የምግብ እጥረት የሚመጣ እብጠት ነው። ነገ ሳትሉ በዚያው ቀን ወደ ክሊኒክ ውሰዱት። ይህ ሕይወት የሚያሳጣ በሽታ ነው፤ ብዙ ጊዜም «ልጄ ወፈረልኝ» እየተባለ ይታለፋል።

እብጠት ካልሆነስ? ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ስኳር ነው። አንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ 30 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ በሻይ ማንኪያ ሲለካ ከ7 እስከ 8 ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ሲሰላ ለአንድ የ5 ዓመት ልጅ የቀኑ ጣሪያ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ያውም ሻዩ ሳይቆጠር ነው። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በሦስት በሦስት ማንኪያ የሚጠጣ ልጅ ለስላሳ ባይቀምስም 9 ማንኪያ ገብቶለታል። በውሃ የሚበጠበጠው የጁስ ዱቄትም ስሙ ጁስ ይሁን እንጂ ስኳርና ቀለም ነው፤ ለልጅ መግዛቱን እኔ አልደግፍም። ሻይና ቡና ደግሞ ከምግብ ጋር ሲወሰዱ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳሉ። ልጅ ሲጠማው ንጹህ ውሃ ይጠጣ። ሻይ ለምዶ የሚያስቸግር ከሆነ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሱለት፤ በአንድ ቀን ብትከለክሉት ቤቱን በለቅሶ ይረብሸዋል፣ አያቱም በድብቅ ትሰጠዋለች።

ሂሳቡን ሱቅ ላይ ራሳችሁ ሞክሩት። ለብስኩት፣ ለከረሜላና ለለስላሳ የምታወጡትን የአንድ ሳምንት ገንዘብ በአንድ ዕቃ ውስጥ አጠራቅሙና፣ ስንት እንቁላል ወይም ስንት ጣሳ ምስር እንደሚገዛ ተመልከቱ። በራሽን ማሽላ የተጋገረ እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር፣ ከጎን ሱኩማ ዊኪ ታክሎበት፣ ለልጅ ጥሩ ምግብ ነው። መክሰስ ካስፈለገ ለትልልቆቹ ቆሎ፣ ለትንንሾቹ የተቀቀለ ባቄላ ተፈጭቶ ይሰጥ። ቆሎ ለሕፃን ጉሮሮ አደገኛ ነው። በጆንያ አፈር ሞልታችሁ ጎመን የተከላችሁ እናቶች ለጎረቤት ብታሳዩ መልካም ነው፤ አትክልት የታጠበበት ውሃ ለማጠጣት ይበቃል።

ዘይትን በተመለከተ ግን እንዳትሳሳቱ። ትንሽ ልጅ ዘይት ያስፈልገዋል፤ ገንፎው ላይ አትከልክሉት። የሚቀነሰው በዘይት ተጠብሶ የሚሸጠው ማንዳዚና ድንች ነው። ሕፃን እስከ 6 ወር የእናቱን ጡት ብቻ፣ ከዚያ በኋላ ከምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ቢጠባ ከሁለቱም ችግር ይጠብቀዋል።

ስለ ፕላምፒ ነትም ላንሳ። አንዱ ከረጢት 92 ግራም ሲሆን 500 ካሎሪ አለው። በጣም ለከሳ ልጅ የታዘዘ መድኃኒት ማለት ነው። ጤነኛ ወንድሙ ሲካፈለው የታመመው ሳይድን ይቀራል፣ ጤነኛውም የማያስፈልገውን ይጨምራል። ከገበያ ገዝታችሁም አታብሉ።

አሁን ወደ ጨዋታ እንምጣ። ከ5 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ ላብ እስኪያወጣው መንቀሳቀስ አለበት። ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉት ደግሞ በቀኑ ውስጥ ተደምሮ 3 ሰዓት ያህል መንቀሳቀስ ይገባቸዋል። የካኩማ ፀሐይ እንዴት እንደሆነች ስለምታውቁ፣ ጠዋት እስከ 3 ሰዓት፣ ማታ ከ11 ሰዓት ወዲህ ይሻላል። ሰኞ ማክሰኞ፣ ድብብቆሽ፣ የገመድ ዝላይ፣ የጨርቅ ኳስ ገንዘብ አይጠይቁም። ብዙ ቤት ወንዱ ኳስ ሜዳ ሲውል ሴቷ ከምድጃ አትለይም። ለደኅንነቷ መስጋታችሁ ይገባኛል፤ ስለዚህ የብሎኩ እናቶች በተራ እየተቀመጣችሁ ብትጠብቁ ሴቶቹም ይጫወታሉ። ስልክ እያሳያችሁ ልጅ አታብሉ፤ መጥገቡን ሳያውቅ ይበላል።

ልጁ ወፍሯል ከተባላችሁም ምግብ አትከልክሉት፣ «ድብልብል» እያላችሁም አትጥሩት። በማደግ ላይ ያለ ልጅ እንዲከሳ አይደረግም፤ ስኳሩ ተቀንሶ ጨዋታው ሲበዛ ክብደቱ ባለበት ይቆይና ቁመቱ ይደርስበታል። «ሳህንህን ጨርስ» ብሎ ማስገደድም ይቅር።

በክንድ ላይ የምናስረው ባለ ቀለም ሜትር የሚለየው ክሳትን ብቻ ነው። 12 ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን አረንጓዴ ያሳያል፤ አረንጓዴ ማለት ግን ልጁ ከልክ በላይ አልወፈረም ማለት አይደለም። ያን ለማወቅ ክብደቱ ከቁመቱ ጋር መመዛዘን አለበት። ስለዚህ ከ5 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያላችሁ ካርዱን ይዛችሁ ወደ ክሊኒክ ኑና ሁለቱንም አስለኩ። ቀጠሮ ካለፈባችሁም ኑ፤ እኔ አልቆጣም።